ኪርክና የሰው ጫማ

የእኛ ቤተ ክርስቲያን የእኛ አይደለም። ኪራይ ነው።

ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። እዚህ አገር ኪራይ ያልሆነ ምን አለ? እኔ ራሴ ኤርፖርት የምነዳው አውቶቡስ ሥራው መኪና የሚከራዩ ሰዎችን መኪና ወደሚያከራዩ ሰዎች ማድረስ ነው። ከተርሚናል ወደ ኪራይ ቦታ፣ ከኪራይ ቦታ ወደ ተርሚናል። ሳምንቱን ሙሉ ተከራይና አከራይ ሳገናኝ ከርሜ፣ እሑድ እሑድ እግዚአብሔርን በኪራይ ቤት አገኘው ነበር። "ነበር" ያልኩትን ልብ በሉልኝ። እመለስበታለሁ።

ቤቱ ያለው ቤድፎርድ ነው። እኛ የምንኖረው ሜስኪት ስለሆነ ለመድረስ ዳላስን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለብን። አከራዮቻችን ስኮትላንዶች ናቸው። ማለቴ፣ አብዛኞቹ ስኮትላንድን የሚያውቋት በፎቶ ነው፤ ከዚያ የመጡት ቅድመ አያቶቻቸው ናቸው። ግን ሰው ከአገሩ በራቀ ቁጥር አገሩ ይበልጥ ይጣበቅበታል። በዓመት አንድ እሑድ ወንዶቹ በሙሉ ጉልበት ላይ የሚቀር ባለመስመር ቀሚስ ለብሰው፣ ከረጢት የመሰለ ነገር በብብታቸው ይዘው እየነፉ ይመጣሉ። መጀመሪያ ያየናቸው ጊዜ እትዬ አስካለ አማተቡ። "ወንዶቹን ምን ነካቸው?" አሉ። ከዚያ ዘወር ሲሉ የራሳችንን ቄስ አዩ። ቀሚስ። "እንዲያው ዝም ይሻላል" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ይሠራሉ። መኪና ፓርክ ሲያደርጉ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛሉ። የልጄ ክርስትና እናት ሊሆኑ ነበር።

ይኸው "ነበር" ደግሞ መጣ።

በሩ አጠገብ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አለ። "ቸርች" አይልም፤ "ኪርክ" ይላል። እኛ የባለቤቱ ስም መስሎን ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት እትዬ አስካለ በጸሎታቸው መሀል "አቶ ኪርክንም ጤና ስጥልን" ይሉ ነበር። ሥራ ቦታዬ ደግሞ ኪርክ የሚባል መካኒክ አለ። ስምህ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። "የአያቴ ስም ነው" አለ፤ በቃ። እኛ እንደሆንን የሰው ስም ሳንፈታ እንቅልፍ አይወስደንም።

የፈቱልኝ ጋሽ ማልኮም ናቸው። የኪርኩ ጠባቂ ናቸው፤ ቁልፉም፣ ምንጣፉም፣ የቀጠሮ መዝገቡም በእሳቸው እጅ ነው። እሳቸው የምር ስኮትላንድ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል። "ጋሽ" የሚለውን የጨመርንላቸው እኛ ነን። ምን ማለት እንደሆነ ስንነግራቸው ደስ አላቸው። አሁን የሀበሻ ስልክ ሲያነሡ "ጋሽ ማልኮም ነኝ" ነው የሚሉት።

ከእኛ ጋር አንድ ጸብ ብቻ አላቸው። ጫማ።

እኛ ከንጋት እስከ አራት ሰዓት እናስቀድሳለን፤ እነሱ አምስት ሰዓት ላይ ይገባሉ። እኛ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው። ወንዱ ግማሹ ኤርፖርት፣ ግማሹ መጋዘን ይሠራል። ሁሉም ያው የማያንሸራትት ጥቁር የሥራ ጫማ ነው ያለው፤ ከያው ሱቅ የተገዛ። ያ ሁሉ ጥቁር ጫማ በር ላይ ተኮልኩሎ አስቡት። ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሥራው ይቸኩላል፤ አንዱ የአንዱን አጥልቆ ይሄዳል። የቀረውን ጋሽ ማልኮም ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። አንድ ቀን ካርቶኑን አሳዩኝ። "እዚህ ቤት ሰው ጃንጥላ ሲረሳ አይቻለሁ፣ መነጽር ሲረሳ አይቻለሁ፣ ጥርሱን የረሳም አለ" አሉ። "ሰው ግን እንዴት ጫማውን ረስቶ ቤቱ ይገባል?"

"አይረሳም። የሰው አድርጎ ነው የሚሄደው" አልኳቸው።

ካርቶኑን ከደኑት። "ይኼማ ባሰ" አሉ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። በዚህ ሰመር መጀመሪያ፣ የጋዝ ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰሞን፣ ሴት ልጅ ወለድን። ብሌን አልናት። ሁለት ሳምንት ሲሆናት የክርስትናዋን ምሳ የምንበላበትን የኋላውን አዳራሽ ላስይዝ ወደ ጋሽ ማልኮም ሄድኩ። ቀኑን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ለምን ሰማንያ ቀን አሉኝ። ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ነው የሚጠመቁት፤ እናትየዋም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም አልኳቸው። ሴቷ ለምን እጥፍ አሉኝ። የኦሪት ነገር ነው፣ እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ አልኳቸው። ሳቁና መዝገቡ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ከዚያ እኔ በተራዬ ስለ ሰሌዳው ጠየቅኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ወንበር ሲሳብላችሁ ወሬው ረጅም ነው ማለት ነው።

ኪርክ በስኮትላንዶች አፍ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እንግሊዞቹ "ቸርች" የሚሉትም ያው ቃል ነው፤ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። እንግሊዞች አለሰለሱት፤ "ወደ እኛ ግን በመርከብ የመጡ የሰሜን ሰዎች እንደ ጠነከረ ተዉልን" አሉ። እናትየዋ ግሪክ ናት። ትርጉሙም "የጌታ" ነው። የጌታ የሆነ፣ የጌታ ቤት። "ክብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አትስማቸው" አሉኝ ተቆጥተው። አገሬ ብዙው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። የጠላት ምስክር ያመጣሁባቸው መሰለ።

በዚያው ሳምንት የእኛን ቄስ፣ አባ ገብረ ማርያምን ጠየቅኋቸው። "በስቅለት ስትሰግድ ኪርያላይሶን ትል የለም? ምን እያልክ ይመስልሃል? ኪርያ ጌታ ነው። ጌታ ሆይ ማረን ነው የምትለው" አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰግድ ትርጉሙን አላውቅም ነበር። ለካ የእነሱ ሰሌዳና የእኛ ስግደት ዘመዳሞች ናቸው። ደስ አለኝ። ምኑ እንዳስደሰተኝ አሁን አላውቀውም። ሰው ልጅ ሲወለድለት በማይረባውም ይደሰታል።

የእኛስ ቃል? ቤተ ክርስቲያን። የክርስቲያን ቤት። ልዩነቱን አያችሁት? የእነሱ ቃል ቤቱን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የእኛ ለሚገባበት ሰው። ይህን ለጋሽ ማልኮም ብነግራቸው፣ "እንዲያ ከሆነ እኛም ተከራዮች ነን፤ ልዩነቱ ኪራዩን የምንቀበለው እኛ መሆናችን ነው" አሉ። ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አልሳቅኩም።

የብሌን ልብ ደካማ ነበር። ሐኪሞቹ ስትወለድ ነግረውናል፤ ትንሽ ትጠንክርና ይሠራላታል ብለውናል። አባ ገብረ ማርያምም ሰምተው፣ "ከከፋባችሁ ሰማንያን አትጠብቁ። ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ደውሉልኝ፤ ያለችበት መጥቼ አጠምቃታለሁ" ብለውን ነበር። በስልሳ ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ገባን። ሚስቴ ሰናይት "ለአባ ደውልላቸው" አለችኝ። "ምን ሆነች ብለሽ ነው?" አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ደግማ አለችኝ። "አታሟርቺባት" አልኳት። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ቄስ መጥራት ትሞታለች ማለት መሰለኝ። ካልጠራሁ የማትሞት መሰለኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተች።

አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷት ነበር።

ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም። አባ ገብረ ማርያም ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩም። ቀብሩ ላይ ግን መጡ። ካባ የለ፣ ጥላ የለ፣ ማዕጠንት የለ። እንደ ማንኛውም ሰው ዳር ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም። ሥርዓት አፍርሰው እንደሆነም በእሳቸውና በጌታ መካከል ነው።

እኔ ያን ቃል ማመንዠክ ጀመርኩ። የክርስቲያን ቤት። ልጄ ክርስቲያን አልነበረችም። ታዲያ ቤቷ አልነበረም ማለት ነው? ሰሌዳው እንደሚለው የጌታ ብቻ ከሆነስ? ያኔ ማነው በር ላይ ቆሞ አንቺ ግቢ፣ አንቺ ቅሪ የሚላት? አውቶቡሱን እየነዳሁ በአንዱ ቃል እሄዳለሁ፣ በሌላው እመለሳለሁ። አንድ ተሳፋሪ ተርሚናሌን አልፈኸዋል ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፤ አልፌዋለሁ።

ለቅሶ ቤት ሰው መጣ። ሰው ደግ ነው፤ የሚለውን ግን አያውቅም። "ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ" አሉን። "እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም" አሉን። የእሱን እንጃ። የደገስኩት እኔ ነበርኩ። አዳራሽ ይዤ፣ ለስልሳ ሰው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሊያጽናኑኝ ፈልገው "የማያድግ ልጅ ቅዘን ይበዛዋል" አሉኝ። የእኔ ልጅ ቅዘን አልበዛባትም። ንጹሕ ነበረች። ይህን ተረት የተረተው ሰው ልጅ ሞቶበት አያውቅም።

ከዚያ አንድ የቂል ሥራ ሠራሁ። ሰናይት እንዳታየው የቀን መቁጠሪያውን ከኩሽናው ግድግዳ አውርጄ መኪናዬ ውስጥ ወንበር ሥር ደበቅኩት። ቀጥዬ አዳራሹን ካንስል ላደርግ ቤድፎርድ ሄድኩ። ለሰናይት አልነገርኳትም። ለጋሽ ማልኮም የሆነውን ነገርኳቸው። መዝገቡን አወጡ፣ ገጹን ገለጡ፣ እርሳሳቸውን አነሡ። አልሰረዙትም።

"ላጲስ የለኝም" አሉኝ።

ላጲሱ እርሳሱ ጫፍ ላይ ነው። እያየሁት ነው። እንዳየሁትም ያውቃሉ።

"ቀኑ የልጅቷ ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ። "እናትየዋም እስከዚያ አትገባም አላልከኝም?"

ከዚያ ያን ቀን ያላወሩኝን አወሩኝ። ኪርክ የቤቱ ስም ብቻ አይደለም። እኛ ፓርክ አደረግሁ፣ ኮል አደረግሁ እንደምንለው፣ በእሳቸው አገር ድሮ ሰውን ኪርክ ያደርጉ ነበር። ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ኪርክ ተደረጉ ይባላል። አራስ ስትነሣም እንዲሁ። ሐዘንተኛም ከቀብር በኋላ በመጀመሪያው እሑድ እንዲሁ። ዘመድና ጎረቤት አጅቦ ያስገባዋል።

"ሚስቴን ኪርክ ያደረግናት በአንድ ቀን ለሁለቱም ነው" አሉኝ። "እንደ አራስም፣ እንደ ሐዘንተኛም።"

ወንድ ልጅ ነበር። ዘጠኝ ቀን ነው የቆየው። ያኔ እሳቸው በእኔ ዕድሜ ነበሩ።

"እርስዎ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ምን አደርጋለሁ? ጓንቷን ያዝኩላት።"

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም ብዬ ማልኩ። የጌታም ይሁን፣ የክርስቲያንም ይሁን፣ የአቶ ኪርክም ይሁን።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሰናይት ነጭ ቀሚሷን ስትተኩስ አገኘኋት።

"እሑድ ሰማንያ ቀኔ ይሞላል" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?" አልኩ። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል።

"እኔ እኮ ነኝ የወለድኩት። መቁጠሪያውን እዚያው መኪናህ ውስጥ ተወው።"

መተኮሷን አላቆመችም። ቀና ሳትል፣ "ያለ ልጅ ያስገቡኛል?" አለች። "እናት የምትገባው ልጇን ታቅፋ ነው። እኔ ምን ታቅፌ ልቁም?"

ለካ እኔ ቀኑን ስደብቅ እሷ ስትቆጥረው የከረመችው ይህን ጥያቄ ይዛ ነው። ቀኑ የብሌን ስለነበር ከብሌን ጋር የሞተ መስሎኝ ነበር። የእሷ ቀን ነው። ሳልጠይቃት ላሰርዘው ሄጄ ነበር። ያኔ ደውል ስትለኝ እምቢ ብያታለሁ፤ አሁን ደግሞ ይህን።

ስልኬን አወጣሁ። ፊቷ ደወልኩ። አባ ገብረ ማርያም አነሡ። ጥያቄዋን እንዳለ ነገርኳቸው። መጽሐፍ ሲገልጡ ተሰማኝ።

"ጸሎት አለ" አሉ። "መጀመሪያ የሚነበበው የእናትየዋ ጸሎት ነው። የእሷ የብቻዋ ነው። ሁልጊዜ ሕፃኑ ስለሚያለቅስ ማንም አይሰማውም። እኔም ራሴ ስንት ዓመት አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም። ትምጣ በላት።"

ሰምታለች። ቀሚሱን ገልብጣ ጀርባውን መተኮስ ጀመረች።

እሑድ ጠዋት "እስከ በሩ አደርስሻለሁ" አልኳት። "ኦኬ" አለች። ደረስን። ሞተር አጠፋሁ። አልወረደችም። ሁለት እጇ ጭኗ ላይ ነው። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ በፊታችን አለፈች። ሰናይት የፈታችውን ቀበቶ መልሳ አሰረች።

"ወደ ቤት እንሂድ" አለችኝ።

ቁልፉን ላዞር ስል እትዬ አስካለ መጡ። መኪናቸውን ከኋላችን አግድም አቁመው መውጫችንን ዘጉት። ሆን ብለው ይሁን እንደ ልማዳቸው፣ እስካሁን አልነገሩኝም። መስኮቱን በቀለበታቸው አንኳኩ።

"እትዬ፣ መኪናዎን ያንሡልኝ፣ ልንሄድ ነው" አልኳቸው።

"አላነሣም። አንተ ዝም በል፣ ሾፌር ነህ።" ወደ እሷ ዞሩ። "ነይ ውረጂ የኔ ልጅ። የክርስትና ልጄን አጣሁ። እናቷንም ልጣ?"

ወረደች።

በር ላይ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት አቃታት። ተንበርክኬ ፈታሁላት። ጫማዋን ያዝኩላት። አባ ገብረ ማርያም መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡና ደጁ ላይ አነበቡላት። የሚያለቅስ ሕፃን የለም። እያንዳንዷ ቃል ተሰማች። ግእዙ ብዙም አልገባኝም፤ የሰናይትን የክርስትና ስም ግን ሰማሁ፤ ወለተ ሚካኤል። ሲጨርሱ በመስቀላቸው ባረኳትና ይዘዋት ገቡ። እትዬ አስካለ ከእሷ ኋላ፣ ሌሎቹ ሴቶች ከእትዬ አስካለ ኋላ። አጅበው።

እኔም ተከተልኩ። እንደማልኩ ነግሬያችኋለሁ። መሐላው ትዝ ያለኝ ከገባሁ በኋላ ነው። ያውም ያስታወሱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ጫማ! ጫማ! አንተ ሰውዬ!" አሉኝ በሹክሹክታ። ወደ ታች ሳይ የእሷን በእጄ፣ የእኔን በእግሬ አድርጌ ምንጣፉ ላይ ቆሜያለሁ። ሮጬ ወጣሁ። የእሷን አስቀመጥኩ፣ የእኔን አወለቅኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። በመጀመሪያው ሳላስበው ነው ልል እችላለሁ። በሁለተኛው ምን እላለሁ?

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ኤሲው ይበርድ ነበር። ብሌን አልተመለሰችም። ማንም ምንም አልገለጠልኝም። ሰናይት ግን በሴቶቹ በኩል ሁለት መዳፏን ዘርግታ ቆማ አየኋት። ሁሉም ሴቶች እንዲሁ ነው የቆሙት። እዚያ መሀል ባዶ እጅ የእሷ ብቻ አልነበረም።

ስንወጣ ጋሽ ማልኮም የምንጣፍ መጥረጊያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አዳራሹን ከፍተውት ነበር። ለስልሳ ሰው ወንበር ደርድረው። እትዬ አስካለና ሴቶቹ ምግብ ይዘው መጥተው ኖሯል። በላን። ተዝካር አይደለም፣ ክርስትና አይደለም፤ ስም የለውም፣ ምሳ ነው።

"ኪርክ አደረግናት" አሉኝ ጋሽ ማልኮም። "አባትን ግን ማንም ኪርክ አያደርገውም። የሚይዘውን ይዞ ይቆማል።"

ከዚያ ሁሉም ቸኮለ። እኛም ቸኮልን።

ሀይዌይ ላይ እግሬን ጨመደደኝ። ፍሬን ስይዝ ይብሳል። ሐዘን እግር ያሳብጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዳላስን አልፈን ሜስኪት ስንቃረብ ሰናይት ወደ ታች አየች።

"ያ ጫማ የማነው?" አለችኝ።

አየሁት። ጥቁር ነው። የማያንሸራትት ነው። ከያው ሱቅ ነው። የእኔ አይደለም።

ሳቀች። ብሌን ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ መኪናውን ዳር አስይዤ።

ሰው ወደ ጌታ ቤት የሚመለሰው በእምነት ነው ይላሉ። ይሁን። እኔ ግን ዳግመኛ ላልገባ ምያለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ የምሄደው ለጫማዬ ነው። አርባ ሦስት ቁጥር ነው፤ የግራው ተረከዝ ትንሽ አልቋል። የወሰድከው ወንድሜ፣ በጠዋት ና። ያንተ ጠቦኛል።